ሦስት ወር በሮም፦ አትሩጡ፣ ተመልሳችሁ አንሱ

ሮም በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ሺህ በላይ ፎቶ አነሳሁ። ዛሬ ከእነዚያ ውስጥ ለሰው የማሳየው አራቱን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ በሚቆምበት ቆሜ፣ ሰው ሁሉ የሚያነሳውን፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር የማነሳው። ሦስት ቀን ብቻ ያለው ቱሪስት እንዲያ ቢሮጥ አይፈረድበትም። ሦስት ወር ያለው ሰው ግን ምን አስቸኮለው? ቦታው ነገም እዚያው ነው። ሳምንት ደግሞ ዝናብ ጥሎበት ሌላ መልክ ይዞ ይጠብቃችኋል።

ይህን የጻፍኩት ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ሰንበት ለሚል ሰው ነው። ስልክ ብቻ ለያዘም ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ። ከዚህ በታች ያለው ሰዓትም ዓመተ ምሕረትም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። "ሦስት ሰዓት ላይ እንገናኝ" ተባብለው አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ፌርማታ ላይ ተገትረው የዋሉ ሐበሾች አውቃለሁ። አንዱ እኔ ነኝ።

1. ቀኑን ቁጠሩ፣ ከዚያ ፀሐይዋን

የሸንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ የያዘ ሰው በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። የገባችሁበትም የምትወጡበትም ቀን ይቆጠራል። "ሦስት ወር ነው" ብላችሁ በወር አታስሉት። ጁላይ፣ ኦገስትና ሴፕቴምበር ሲደመሩ 92 ቀን ናቸው። ቪዛው ላይ ከ90 ያነሰ ቀን ከተጻፈ ደግሞ ገደባችሁ እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ብርሃኑ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ብዙም የሚያስጨንቅ ጉዳይ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ያንሳል። ሮም ላይ ግን ጁን መጨረሻ 20:50 ገደማ የምትጠልቀው ፀሐይ ዲሴምበር ላይ 16:40 አካባቢ ትሰወራለች። እኔ የደረስኩት ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ከሥራ በኋላ ማኪያቶዬን ጠጥቼ፣ ዘና ብዬ ለጀንበር መጥለቂያ እደርስ ነበር። ኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ላይ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ጉድ ሆንኩ። ከቢሮ ስወጣ ጨልሟል። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ሰዓት የሚያሳይ ነገር ጫኑና በየሳምንቱ እዩት።

ደስ የሚለው፣ እዚያ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቶሎ አይጨልምም። እኛ አገር ዱብ ነው የሚለው። ሮም ላይ ግን ሰማዩ ግማሽ ሰዓት ያህል ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል፤ በዚያ ላይ የመንገዱ መብራት ቢጫ ነው። ሰማያዊና ቢጫ አንድ ላይ ሲመጡ መካከለኛ ፎቶ አንሺ ሳይቀር ጎበዝ ይመስላል። ብዙ ቱሪስት ፀሐይዋ ስትገባ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ እራት ይሄዳል። እናንተ ያኔ ጀምሩ።

2. የመጀመሪያውን ሳምንት ዝም ብላችሁ ዙሩ

ካሜራውን ቤት ተዉት። ስልክ አይቀርም መቼም፣ ግን አታውጡት። ትንሽ ደብተር ያዙ።

የአውቶብስና የሜትሮ ትኬት እኔ በነበርኩበት ጊዜ 1.50 ዩሮ ነበር፤ ለ100 ደቂቃ ይሠራል። ለሚሰነብት ሰው ግን የወር ትኬት ይሻላል፣ በ35 ዩሮ ነው የገዛሁት። የወረቀቱን ትኬት አውቶብስ ላይ ስትወጡ ማሽኑ ላይ ማስመታት አትርሱ። ገዝቶ ያላስመታ ሰው እንዳልገዛ ነው የሚቆጠረው፣ ተቆጣጣሪ ከመጣ ቅጣት አለ። በነገራችን ላይ በሜትሮው ድምፅ ማጉያ "ፕሮሲማ ፌርማታ" ሲባል መጀመሪያ ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። እነ ፌርማታ፣ ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ማኪያቶ ሁሉ ሰፈራቸው ነው። ማኪያቶው ግን የእኛን አይመስልም፤ በትንሽዬ ስኒ የቀረበ ቡና ላይ ጠብ ያለች ወተት ናት። ወተት ፈልጋችሁ "ላቴ" ካላችሁ ደግሞ ባዶ ወተት ይመጣላችኋል። ቆማችሁ ጠጡ፣ ስትቀመጡ ዋጋው ይጨምራል።

ደብተሩ ላይ በየቦታው የምትጽፉት ሦስት ነገር ነው። ፊቱ ወዴት ነው? ፀሐይ ስንት ሰዓት ትመታዋለች? የጥገና አጥር ወይም መድረክ አለበት? ለምሳሌ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ያበራል፣ ማታ ፀሐይዋ ከጀርባው ናት። ፓንቴዮን የሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፤ አብዛኛውን ቀን ጥላ ውስጥ ነው የሚውለው። ይህን ሳያውቅ ሄዶ "ካሜራዬ ችግር አለበት" የሚል ሞልቷል።

3. ዕቃ አታብዙ

አንድ ስልክ፣ ወይም አንድ ካሜራ ከአንድ ትንሽ ሌንስ ጋር። ፓወር ባንክ። የማይቆረቁር ጫማ፣ መንገዱ ኮብልስቶን ነውና። ትራይፖድ ሙዚየምና ፍርስራሽ ቦታ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ከመያዝ ግንብ መደገፍ ይቀላል። ድሮን የሚባለውን ደግሞ እርሱት፤ የመሀል ከተማው ሰማይ ዝግ ነው።

ቦርሳችሁን ወደ ፊት አዙሩ። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄዱት የተጨናነቁ አውቶብሶች ላይ የኪስ ሌቦቹ ሥራቸውን ያውቁታል። ስልክ የሚሄደው በር ሊዘጋ ሲል ነው።

ውኃ አትግዙ። ከተማው ውስጥ ከ2,000 በላይ "ናሶኒ" የሚባሉ የመንገድ ቧንቧዎች አሉ፤ ቀን ከሌት የሚፈስ፣ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ። አፍንጫ በመሰለው ቱቦ ጀርባ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። የታችኛውን አፍ በጣታችሁ ስትደፍኑት ውኃው በቀዳዳዋ ወደ ላይ ይፈናጠራል፣ ጎንበስ ብሎ መጠጣት ነው። ፀሐይ ከጀርባው ሆና ሰው ሲጠጣ ካነሳችሁት ደግሞ ውኃው እንደ ብርጭቆ ያበራል። እኔ ከኮሎሲየም ፎቶዬ ይልቅ አንዲት ሕፃን በጣቷ ደፍና ፊቷን ያጠበችበትን እወደዋለሁ። እናቷን አስፈቅጄ ነው።

4. ጎህ ሲቀድ ውጡ

ትሬቪ ፏፏቴ እኩለ ቀን ላይ ከመርካቶ አይለይም። ጠዋት 6:00 ላይ ግን ጠራጊዎቹና አንድ ሁለት የሠርግ ፎቶ አንሺዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ኖቬምበር ላይ በዚያ ሰዓት ገና ጨለማ ስለሆነ የፏፏቴው መብራትና ንጋቱ አብረው ይገጥማሉ። ከዚያ በእግር ወደ ስፔን ደረጃዎች (ፒያሳ ዲ ስፓኛ) ውጡ። እዚያ ግን አትቀመጡ። ከ2019 ጀምሮ ደረጃው ላይ መቀመጥ ያስቀጣል። "ፎቶ ብቻ ነው" ብትሉም ፖሊሱ ፊሽካ ይነፋባችኋል።

ኮሎሲየምን ከውጭ ለማንሳት ሰው ሁሉ ሜትሮው በር ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ፎቶው ላይ ሕንፃው ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። ይልቅ ከሜትሮው ጣቢያ በላይ ወዳለው መንገድ በደረጃው ውጡ። ከዚያ ግንብ ላይ ዓይናችሁ ከሕንፃው ወገብ ጋር ይስተካከላል፤ ስልኩን ሳታዘነብሉ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ወደ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ ስማችሁ ስለሚጻፍበት መታወቂያ አትርሱ። የወሩ መጀመሪያ እሑድ መግቢያው ነፃ ነው፤ ለኪስ ጥሩ፣ ለፎቶ መከራ።

5. ውስጥ ያለው ብርሃን

ፓንቴዮን ጣሪያው መሀል ላይ ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ ክፍት ቀዳዳ አለው። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በዚያና በበሩ ብቻ ነው። ጥርት ባለ ቀን የፀሐይዋ ክብ ግድግዳው ላይ ስትሄድ ቁጭ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስልካችሁ ጨለማውን አይቶ ሁሉን ነገር ለማንጣት ይሞክራል፣ ክቧ ነጭ ብቻ ሆና ትቀራለች። መፍትሔው ስክሪኑ ላይ ብሩህ ክቧን በጣት መንካትና ብርሃኑን ወደ ታች መሳብ ነው። ሌላው ይጨልም፤ መጨለሙ ነው ውበቱ። ከዚያ አንድ ሰው ብርሃኗ ውስጥ እስኪገባ ጠብቁ። እኔ አርባ ደቂቃ ጠብቄ አንዲት መነኩሲት ገባች። መነኩሲቷ ስትወጣ የስልኬ ባትሪም ሞተ፣ ግን ደርሼ ነበር።

አብያተ ክርስቲያናቱ አብዛኞቹ በነፃ ይገባሉ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላ ለለመደ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ውስጥ ሠዓሊው ካራቫጆ ስለ ቅዱስ ማቴዎስ የሣላቸው ሦስት ሥዕሎች አሉ። ጥግ ላይ የሳንቲም ማሽን አለ፤ ሳንቲም ስትከቱ መብራት ይበራል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ድርግም ይላል። ሁሉም ሌላው ሰው እስኪከት ነው የሚጠብቀው። እኔም ጠብቄያለሁ፣ አልዋሽም። ፍላሽ ግን በጭራሽ።

በቫቲካኑ ሲስቲን ቻፕል ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው። ክልከላው ከ1980 በኋላ ከነበረው ትልቅ ጥገና ጋር ይያያዛል፤ ወጪውን የሸፈነው የጃፓን ቴሌቪዥን ጣቢያ የመቅረጽ መብቱን ለብቻው ወስዶ ነበር። ያ መብት ካበቃ ቆይቷል፣ ክልከላው ግን አለ። ስልኩን ደረታቸው ላይ አድርገው በድብቅ የሚያነሱት ሰዎች የሚያገኙት የተንጋደደ ጣሪያ ነው። ተዉትና አንጋጣችሁ እዩ።

ሰው የማይበዛበት ነገር ከፈለጋችሁ ኦስቲየንሴ መንገድ ላይ ያለው ቼንትራሌ ሞንቴማርቲኒ ጋ ሂዱ። ድሮ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። አሁን ነጫጭ የሮማውያን ሐውልቶች በጥቋቁር ትልልቅ ሞተሮች ፊት ቆመውበታል። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ከዘበኛው ጋር ብቻችንን ነበርን ማለት ይቻላል።

6. የእኛ መንገድ

ይህችኛዋን ጉዞ ለቅዳሜ ወይም ለእሑድ ከሰዓት በኋላ አስቀምጧት። ግማሽ ቀን ትበቃለች።

ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀምሩ። ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ ይባላል፣ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር ሐበሻ በላዩ ይመላለሳል፤ ስንቱ እንደሚያውቅ እንጃ። ከአደባባዩ ወደ ሪፐብሊካ አደባባይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ የአትክልት ቦታ ውስጥ የዶጋሊ መታሰቢያ አለ፤ ከግብፅ የመጣ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ተተክሎበታል። ከአዲስ አበባ ተዘርፎ የሄደው የይሁዳ አንበሳ የቆመው እዚያ ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1938 አንበሳውን አይቶ ሰይፉን የመዘዘውም እዚያው ነው። አንበሳው ዛሬ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ተመልሷል።

ፎቶው ቀላል አይደለም። ሐውልቱ ቀጭን ነው፣ ዛፎቹ ይጋርዱታል። በቁሙ አንሱት፤ ጠጋ ብላችሁ ከታች ወደ ላይ ሳይሆን፣ ራቅ ብላችሁ ትንሽ ዙም አድርጋችሁ። ከዚያ ደግሞ ቅረቡና እግሩ ላይ የተቀረጹትን ስሞች በጎን ብርሃን አንሱ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ነው ጽሑፍ የሚነበበው።

ከተርሚኒ በሜትሮ ቢ መስመር ሦስተኛዋ ፌርማታ ቺርኮ ማሲሞ ናት። ስትወጡ የምታዩት ትልቁ ነጭ ሕንፃ የፋኦ፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ድሮ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የታሰበ ነበር። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው ከፊቱ ነው። 24 ሜትር። በ2005 በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ተተክሏል። አሁን በአካባቢው በ2001 የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የሆኑ ሁለት አምዶች አሉ።

የሌለን ነገር እንዴት ታነሳላችሁ? እኔ ያደረግሁት ይህን ነው። ሐውልቱ እዚያ ሳለ የተነሳ የድሮ ፎቶ በፖስትካርድ መጠን አሳተምኩ። በግራ እጄ ከፊቴ ዘርግቼ ያዝኩት፣ የፎቶው ሕንፃና እውነተኛው ሕንፃ ጠርዛቸው እስኪገጥም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተራመድኩ። አንድ ዓይን ጨፍኑ፣ ካልሆነ አይገጥምም። ፎከሱን ወረቀቱ ላይ አድርጉ። ካሜራ የያዘ ሰው የሌንሱን ቀዳዳ ወደ f/11 ወይም f/16 ያጥብበው፤ ያኔ ከኋላ ያለውም ይታያል። መጀመሪያ ቀን ነፋሱ ወረቀቱን እያራገበ አስቸገረኝ፤ በሌላ ቀን ካርቶን ላይ ለጥፌ ተመለስኩ።

ከዚያው በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ ብላችሁ ወደ ኮንስታንቲን ቅስት ሂዱ። ጥቂት መቶ ሜትር ናት። ይህቺን መንገድ አበበ ቢቂላ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ማታ በባዶ እግሩ ጨርሷታል። በእኛ ቀን ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። እስከ አክሱም ሐውልት ድረስ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ነበሩ። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ነው ጥሎት የወጣው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር።

እዚህ ማታ ኑ። ካሜራውን መሬት ላይ፣ ድንጋዩ ላይ አስቀምጡት፤ ካሜራው ቆጥሮ ራሱ የሚያነሳበትን መቁጠሪያ በ2 ሰከንድ አድርጉ። ድንጋዩ የመንገዱን መብራት ያንጸባርቃል፣ ቅስቱ ከኋላ ያበራል። ጓደኛዬ ጫማውን አውልቆ አንድ ጊዜ ሮጠልኝ። ሁለተኛውን "እንዴት ነው ግን የቻለው?" ብሎ ጫማውን ፍለጋ ሄደ። የወጣው ፎቶ የደበዘዘ ነው። እግሩ ብቻ ይታያል። በቂ ነው።

ከዚህ ጉዞ ውጭ የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት አንድ ጠዋት ውጡ። በእግር 551 ደረጃ ነው፤ ሊፍት ወገቡ ድረስ ያግዛል። ጫፍ ላይ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባዚሊካው ጀርባ ተመልከቱ። ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ስለምትሆን ታች ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። እዚያ የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ፣ ጥንታዊው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንም አለ። አባ ተስፋ ጽዮን በግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን ያሳተመው በ1548 እና 49 በዚህ ከተማ ነው። ኮሌጁና ቤተ ክርስቲያኑ በቫቲካን አጥር ውስጥ ስለሆኑ ዝም ብሎ የሚገባበት አይደለም። ከላይ ግን ማንም አይከለክላችሁም።

7. ሰው ስታነሱ

የሮም ሕንፃ ነጭ ነው። የእኛ ፊት ጠይም ነው። ካሜራ ነጩን አይቶ ያጨልማል፤ ውጤቱ ጥርስ ብቻ የሚታይበት ፎቶ ነው። ሰውየውን ከነጩ እብነበረድ ፊት አታቁሙት። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ፊቱን ግን ፀሐይ ወደመታው ግድግዳ አዙሩት። ግድግዳው እንደ መብራት ያገለግላል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ንኩና ብርሃኑን ትንሽ ጨምሩ።

የማታውቁትን ሰው በቅርብ ከማንሳታችሁ በፊት "ፖሶ ፋሬ ኡና ፎቶ?" በሉ። "ፎቶ ላንሳ?" ማለት ነው። ለእናንተ ማስታወሻ መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ሌላ፤ ፊቱ ለሚለይ ሰው ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለልጅ ደግሞ የወላጅ። ኮሎሲየም አካባቢ የጥንት ወታደር ልብስ ለብሰው የሚያቅፏችሁ ሰዎች ፎቶው ካለቀ በኋላ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ዋጋውን ከመታቀፋችሁ በፊት ጠይቁ።

8. ሲዘንብ አትተኙ

ኖቬምበር ላይ ደጋግሞ ይዘንባል። ዝናቡ እንዳባራ ወደ ፓንቴዮን አደባባይ ሩጡ፤ በዚህ መመሪያ ሩጡ የምላችሁ እዚህ ጋ ብቻ ነው። ድንጋዮቹ መሀል ኩሬ ይቋጠራል። ስልኩን ገልብጡት፣ ሌንሱ ወደ ታች ይሁን፣ ከውኃው አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። ጀበና ስኒ የምታህል ኩሬ ሙሉ ሕንፃ ትይዛለች። ስትንበረከኩ ሰው ያያችኋል። ይይ።

9. በየማታው ገልብጡ

እኔ ሁለተኛው ወር ላይ ሁለት ካርድ አምታትቼ የስድስት ቀን ፎቶ በገዛ እጄ ፎርማት አደረግሁ። የማንም ጥፋት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሕጌ ይህ ነው፦ ያልተገለበጠ ካርድ በቀይ ፕላስተር ይታሸጋል፤ ማታ ወደ ላፕቶፕና ወደ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል፤ ሁለቱም ላይ መኖሩን በዓይኔ ካላየሁ ካርዱ አይጸዳም። ስልክ የያዘ ሰው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲደርስ ወደ ክላውድ ይልቀቀው። በዚያው አፍታ የማይረቡትን ሰርዙ። ከቀኑ አምስት ይትረፍ።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ወደቆማችሁባቸው ቦታዎች ተመለሱና እዚያው ቆማችሁ አንሱ። ሃያ ያህሉን በወረቀት አሳትሙ። ለፎቶው ለቆሙላችሁ ሰዎች ለየራሳቸው ስጧቸው። እኔ በየጠዋቱ ቡና ለሚቀዳልኝ ሰውዬ እንፋሎት መሀል ቆሞ ያነሳሁትን ሰጠሁት። አገላብጦ አየው፣ ከቡና ማሽኑ በላይ ለጠፈው። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው የማኪያቶውን ሒሳብ ተቀበለኝ።